ሰው የሚጠይቀኝን የጻፍኩበት ደብተር

መሳቢያዬ ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ደብተር አለ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ስለ ቁጥር የጠየቀኝን ሁሉ እጽፍበታለሁ። ቀኑን፣ የጠየቀኝን ሰው፣ ያለኝን ቃል። መልሱን አልጽፍም። ሲጀመር እንዳልረሳ ብዬ ነበር። አለቃዬ በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ይለኛል፣ በዚያው ስልክ ይጮኻል፣ ጥያቄው ከራሴ ይጠፋል። መጻፍ የለመድኩት እንዲህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ጭር ብሎ ነበር። የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማራገቢያው ይዞራል፣ የሚያመጣው አየር ግን ራሱ ትኩስ ነው። ደብተሩን አወጣሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። ስጨርስ አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የዳታ መጋዘናችን በየዓመቱ ምን ያህል እንዳደገ ደብተሩ ይናገራል። ስለ ሰርቨሩም ሆነ ስለ ሶፍትዌሩ አንድም ቃል አልጻፍኩበትም። ያለው ሰው የጠየቀው ብቻ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ ግን እሱ ይበቃል።

የምሠራው በአንድ የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ነው። ፓስታ፣ ብስኩት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዱቄት እናከፋፍላለን። ዋናው ሱቅና መጋዘን እዚህ ድሬዳዋ ነው። ሐረርና ጅግጅጋ ቅርንጫፍ አለን። በ2014 ደግሞ ጭሮ ላይ ከፈትን። የተቀጠርኩት ለሒሳብ ሥራ ነበር፤ አሁን የማስተዳድረው ዳታ ዌርሃውስ የሚባለውን ነው። እኛ ቤት መጋዘን ሲባል ሰው የሚታየው ጆንያና ካርቶን ስለሆነ፣ የዳታ መጋዘን እያልኩ እጽፋለሁ።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልናገር። ሱቅ ላይ ያለው ሲስተም የዛሬን ሥራ ያሠራል። ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ከዕቃው ላይ ይቀንሳል። የዳታ መጋዘን ሥራው ሌላ ነው። ከየሱቁ፣ ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር፣ ከዕቃ ቤቱ መዝገብ እየሰበሰበ፣ አንድ ቋንቋ እያስያዘ፣ ለዓመታት ያስቀምጣል። ደረሰኝ አይቆረጥበትም። ይጠየቃል ብቻ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ባሪ ዴቭሊንና ፖል መርፊ የተባሉ የአይቢኤም ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ጽፈውበታል።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው ጥያቄ ይሄ ነው፦ “በመስከረም ስንት ካርቶን ፓስታ ሸጥን?” ጥቅምት 2008 ነው። ቀጥሎ ያለውም ስንት ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ዓመቱን ሙሉ ስንት፣ ስንት፣ ስንት።

ያኔ የዳታ መጋዘን የሚባል ነገር አልነበረንም። ኤክሴል ነበር። ድሬዳዋ የራሱ ፋይል አለው፣ ሐረር የራሱ፣ ጅግጅጋ የራሱ። የሐረሩ በፍላሽ ከሾፌር ጋር ይመጣል፣ የጅግጅጋው በቴሌግራም። እኔ በወር አንዴ ሦስቱን እደምራለሁ። ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሲከፋ ሦስት። መልሱ ሲደርስ ጥያቄው አርጅቷል። ያም ሆኖ ኤክሴልን አላማውም። ሰው በእጁ የሚነካው ነገር ነው። ዛሬ የምንሠራበት ነገር ሁሉ ሥሩ እዚያ ነው።

በ2009 ጥያቄው ተለወጠ። ጥር ላይ አለቃዬ ያለኝን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ “ሒሳብ ክፍል ሌላ ይለኛል፣ አንቺ ሌላ ትይኛለሽ። ማንን ልመን?” ከዚያ በኋላ ላሉት ወደ አርባ የሚጠጉ ገጾች ጥያቄው ይኸው ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ብቻ ይለያያል። አንድ የዳታ መጋዘን ከሚያልፍባቸው ዘመናት ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ሲደርስ የተሻለ ሶፍትዌር መግዛት ያምረዋል። እኛንም አምሮን ነበር። ሳንገዛ በመቅረታችን ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ችግሩ አንዱም በግዢ የሚፈታ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስህተት የረድፍ ነበር። የድሬዳዋ ሱቅ የዓመቱን ሽያጭ ከሲስተሙ ሲያወጣ በድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ነበር የምናስቀምጠው። ያ ዓይነት 65,536 ረድፍ ብቻ ይይዛል። ኤክሴል 2007 ከሚባለው ወዲህ ያለው አዲሱ ዓይነት 1,048,576 ይይዛል። እኛ ይህን ልብ አላልንም። ፋይሉ ሲሞላ ዝም ብሎ ቆመ። የዓመቱ መጨረሻ ሳምንታት ሽያጭ አልገባም። ማንም አላየውም፤ ማን እስከ ታች ድረስ ወርዶ ያያል? ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ቁጥር አየሁና፣ የተቆረጠ ክር የሚመስል ነገር ጠረጠርኩ።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ይሄን በዝርዝር መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም በውጭ ሰዎች ጽሑፍ ላይ አታገኙትም። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ኤክሴል አያውቅም። እናንተ ጳጉሜን 3 ቀን 2009 ለማለት 3/13/2009 ትጽፋላችሁ። የኮምፒውተሩ አቀማመጥ ወርን የሚያስቀድም ከሆነ፣ እሱ ማርች 13 ብሎ ይቀበላችኋል። አይጮኽም፣ አይቀላም። ከዚያ በወር ስትደምሩ የጳጉሜን 3 ሽያጭ ሦስተኛው ወር ላይ ይገባል፤ ማለትም ኅዳር ላይ። የጳጉሜን 5 ደግሞ አምስተኛው ወር ላይ፣ ጥር ላይ። ከ1 እስከ 12 ያሉ የሌሎች ወራት ቀኖችም ከወራቸው ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ። የጳጉሜን ግን ይበልጥ አንገበገበኝ። ለእንቁጣጣሽ የሚሸመተው በእነዚያ አምስትና ስድስት ቀናት ነው። እኛ ግን በሪፖርታችን ጳጉሜን የሚባል ወር አልነበረንም። ኅዳርና ጥር ላይ ለምን ገበያ እንደደራ ስናስብ ከረምን።

ጅግጅጋ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሚጽፉት። ስለዚህ 5/6/2009 የሚል ቀን ስታዩ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። የቀን ሰንጠረዥ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ፦ የእኛ ቀን፣ የፈረንጁ ቀን፣ የሳምንቱ ቀን፣ በዓል መሆን አለመሆኑ፣ ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመት፣ የረመዳን ወር መሆን አለመሆኑ። ድሬዳዋ ውስጥ ረመዳንን ሳያዩ የዘይትና የዱቄት ሽያጭን መረዳት አይቻልም። ሰነዶች ሁሉ ወደዚህ ሰንጠረዥ ይጠቁማሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ቀን በእጁ አይጽፍም፤ ይመርጣል።

ሰዓትም እንደዚያው ነው። ማሽኑ በ24 ሰዓት ያትማል፣ የእጅ መዝገቡ በእኛ ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ የትኛው ሰዓት ላይ ብዙ እንደምንሸጥ የሚያሳይ ሥዕል ሠርቼ ለሱቁ ልጆች በኩራት አሳየኋቸው። እኩለ ቀን ላይ ጫፍ ይወጣል። አንዱ ልጅ አየና “አቦ፣ እኛ በዚያ ሰዓት ዝግ ነን እኮ!” አለኝ። እውነቱን ነው። በሙቀቱ ምክንያት ከ6 ሰዓት ጀምሮ እንዘጋለን። ያ ሁሉ ሽያጭ የማታው 12 ሰዓት ነበር። በመዝገቡ 12፡00 ተብሎ ተጽፎ፣ ለኮምፒውተሩ ቀትር ሆኖበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሪፖርት ለአለቃ ከማሳየቴ በፊት ሥራውን ለሚሠራው ሰው አሳያለሁ።

ስለ ስም ብዙ አልልም፤ የደረሰበት ያውቀዋል። መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ። ዓለማየሁና አለማየሁ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። አንድ ሰው አራት ደንበኛ ይሆናል። ቲን ቁጥር እንጠቀም አልን፤ ትንንሾቹ ሱቆች የላቸውም። ስልክ አልን፤ ስልክ ይለወጣል፣ ደግሞ አባትና ልጅ በአንድ ስልክ ይሠራሉ። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ትርጉም የሌለው የራሳችንን ቁጥር ሰጠን። ሌላው ሁሉ ቢለወጥ ያ ቁጥር አይለወጥም።

ከሁሉ የከበደው ግን ሽያጭ የምትለው ቃል ናት።

ኅዳር 2010 ላይ አራት ሰዎች ተሰበሰብን። የድሬዳዋ ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ፣ የሐረሩ ቅርንጫፍ ኃላፊና እኔ። ፈጢራ መጣ፣ ሻይ መጣ። የአንድ ወር፣ የአንድ ሱቅ ሽያጭ ይዘን ሦስት ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። ሦስቱም አይገጥሙም። እኔ ከመካከላቸው አንዱ ተሳስቷል ብዬ ነበር የገባሁት።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሽያጭ የሚለው ዕቃው በር ሲወጣ ነው። የሒሳብ ክፍሏ ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው ትላለች፤ እሷ ደግሞ 15 ከመቶ ቫቱን ለይታ ነው የምትይዘው፣ ሌሎቹ ደምረው ይዘዋል። የሐረሩ ኃላፊ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ ብሩ እጄ ካልገባ ምኑን ነው ሸጥኩ የምለው? ዱቤ ሽያጭ አይደለም። ተስፋ ነው።”

ማንም አልተሳሳተም። ይሄን መቀበል ለኔ ከባድ ነበር። ለሁለት ዓመት ትክክለኛውን ቁጥር ስፈልግ የነበርኩት፣ አንድ ትክክለኛ ቁጥር ያለ መስሎኝ ነው። ሰዎቹ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ነበር።

ስምምነት ላይ ለመድረስ እስከ መጋቢት ቆየን። ብዙ ጊዜ ተሰባሰብን። አንዳንዱ ስብሰባ በኩርፊያ አለቀ። መጀመሪያ አንዱን መርጠን ሌሎቹን ለመጣል ሞከርን፤ አልሆነም። የተጣለበት ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የራሱን ኤክሴል ይከፍታል። በመጨረሻ ሦስቱንም አስቀረናቸውና ስማቸውን ለየን። “የወጣ ዕቃ”፣ “የተቆረጠ ደረሰኝ”፣ “የገባ ብር”። ሽያጭ የሚለው ቃል ለብቻው ሪፖርት ላይ እንዳይጻፍ ተከለከለ። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናያቸው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ራሱ ትልቅ ወሬ ሆኖ ተገኘ። በተቆረጠ ደረሰኝና በገባ ብር መካከል ያለው ዱቤያችን ነው። ያን ያህል ዱቤ ውጭ እንዳለን አለቃዬ አያውቅም ነበር።

አባቴ በምድር ባቡር ዎርክሾፕ ዕቃ ቤት ውስጥ ዕድሜውን ጨርሷል። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ይሄን የስብሰባ ታሪክ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስነግረው፣ የሐዲዱን ስፋት አነሳልኝ። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ በሌላው ላይ አይሄድም። “ሁለቱም ጥሩ ሐዲድ ነው” አለኝ። “ዕቃውን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ከፈለግሽ ግን የምታገላብጪበት ቦታ መሥራት አለብሽ።” ከዚያ በኋላ ለአዲስ ሠራተኛ ዳታ ከየሱቁ እንዴት እንደሚመጣና እንደሚስተካከል ሳስረዳ የምናገረው ይሄንኑ ነው።

በ2011 መጀመሪያ በየሌሊቱ ራሱ የሚጭን ሥራ ጀመርን። ከሁለተኛ እጅ በተገዛ ሰርቨር ላይ፣ ፖስትግሬስ በሚባል የዳታ ማስቀመጫ ሶፍትዌር። ልጄም የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። የሁለቱም ሌሊት አስቸጋሪ ነበር። አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጭነቱ መሐል መብራት ሄደ። ሲመጣ ሥራው ከመጀመሪያው ተነሳ። ግማሹ ቀን ሁለት ጊዜ ገባ። ጠዋት አለቃዬ ቁጥሩን አይቶ ፊቱ በራ። “እሰይ!” አለ። ስህተት መሆኑን ስነግረው ያየሁትን ፊት አልረሳውም። ለሳምንታት ሪፖርቱን አልከፈተም።

ያን ጊዜ ሁለት ነገር አስገባን። አንደኛ፣ ጭነቱ ሲጀምር የዚያን ቀን ዳታ ካለ መጀመሪያ ያነሳል፣ ከዚያ እንደገና ይጭናል። አሥር ጊዜ ቢነሳ ውጤቱ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ከሱቁ የወጣው የደረሰኝ ብዛትና የብሩ ድምር መጋዘኑ ከያዘው ጋር ይመሳከራል። ካልገጠመ ሪፖርቱ አይከፈትም፤ “የትናንቱ አልተረጋገጠም” ይላል። የሒሳብ ሰው ይሄን ከድሮም ያውቀዋል። ከተሳሳተ ቁጥር ዝምታ ይሻላል። ሰው ቀስ በቀስ ያመነን ከዚህ በኋላ ነው።

ኅዳር 2012 ላይ ደብተሬ ውስጥ አዲስ ዓይነት ጥያቄ ይታያል። የጠየቀኝ አንድ የሽያጭ ልጅ ነው፣ ተቆጥቶ፦ “ሳቢያን ያለው ሱቅ ባለፈው ዓመት የኔ ነበር። ዛሬ ለምን የሌላ ሰው ሆኖ ታየ?” ኮሚሽኑ የሚሰላው ከዚያ ነው። ያደረግነው ይሄን ነበር። አካባቢዎቹን ለልጆቹ እንደገና ስናከፋፍል፣ በደንበኛው ረድፍ ላይ የአሮጌውን ሠራተኛ ስም በአዲሱ ተካነው። በዚያች ቅጽበት ያለፈው ዓመት ሽያጭ ሁሉ ባለቤቱን ቀየረ።

ብስኩቱም ላይ እንደዚሁ ሆነ። ፋብሪካው ካርቶኑን ከ48 ፍሬ ወደ 40 አወረደው። እኛም 48ን አጥፍተን 40 ጻፍን። ድሮ 1,000 ካርቶን የሸጥንበት ወር 48,000 ፍሬ የነበረው፣ አሁን ስናየው 40,000 ሆነ። ዕቃው ከተበላ ዓመት ሆኖታል፣ 8,000 ፍሬ ግን ከታሪክ ጠፋ።

አባቴን ነገርኩት። አስታውሳለሁ፣ ሳቀና ወደ ውስጥ ገብቶ ያስቀመጠውን አንድ አሮጌ ቢን ካርድ፣ የዕቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ፣ አመጣልኝ። የተሳሳተ ቁጥር ላይ አንድ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ከሥሩ ያለው ይነበባል። ጎኑ ላይ ፊርማና ቀን አለ። ትክክለኛው ቁጥር ከታች በአዲስ መስመር ተጽፏል። “ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም” አለኝ። “የፋቀ ሰው ይጠየቃል።” ቢል ኢንሞን የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዳታ መጋዘን አራት ባሕርያት አስቀምጦ ነበር። በርዕሰ ጉዳይ የተደራጀ፣ የተዋሐደ፣ ከጊዜ ጋር የተያያዘ፣ የገባው የማይፋቅ። አራተኛውን ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌ ነበር። የገባኝ በዚያ ካርድ ነው።

ያስተካከልነው ራልፍ ኪምቦል በሚያስተምረው መንገድ ነው። ለአንድ ደንበኛ ወይም ለአንድ ዕቃ አንድ ረድፍ ብቻ ይዞ መለዋወጥ ቀረ። በተለወጠ ቁጥር አዲስ ረድፍ ይጨመራል። እያንዳንዱ ረድፍ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ይጻፍበታል። የ2011 ሽያጭ ከ2011 ረድፍ ጋር ይቀራል። ቀደም ብለን የፋቅነውን ግን ማሽኑ ሊመልሰው አልቻለም። ሁለት ወር የወረቀት ደረሰኝ ጥራዝ እየገለጥን በእጅ መለስነው። አቧራው እስከ ዛሬ ይሸተኛል። ልጁም ኮሚሽኑን አገኘ።

በዚህ ሙያ ላይ የጻፉ ሰዎች የዳታ መጋዘን ዕድገትን በሰው ዕድሜ ይመስሉታል። ዌይን ኤከርሰን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሞዴል ታዋቂ ነው። ከጽንስ ይጀምራል፣ ሕፃን፣ ልጅ፣ ጎረምሳ፣ አዋቂ እያለ ጠቢብ ላይ ይደርሳል። በሕፃኑ ዘመን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኤክሴል ይዞ ይዞራል። በሕፃንና በልጅ መካከል አንድ ገደል አለ፣ በጎረምሳና በአዋቂ መካከል ሌላ። ብዙ ድርጅት ከገደሎቹ አንዱ ላይ ይቀራል። ይሄን ሳነብ ያለፍኩበት ሁሉ ስም አገኘልኝ። አመሰግነዋለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። እኔ ልጅ አሳድጋለሁ። ልጅ ከቆመ በኋላ ወደ መዳህ አይመለስም። የዳታ መጋዘን ይመለሳል። በ2014 ጭሮን ስንከፍት አዲስ ሱቅ፣ አዲስ ሰው፣ አዲስ የአጻጻፍ ልማድ መጣ። ደብተሬ እንደገና “ለምን አይገጥምም?” ወደሚለው ተመለሰ። የቀን ነገር እንደ አዲስ። የዱቤ ነገር እንደ አዲስ። በዚያ ላይ ሁሉም አካላቱ እኩል አያድግም። የእኛ መጋዘን በሽያጭ በኩል ጎልማሳ ነው። በብልሽት በኩል፣ ስንት ካርቶን በሙቀት እንደተበላሸና ስንት ጆንያ እንደተቀደደ ስትጠይቁት ግን ገና ይድሃል። ስለዚህ ሰው መጥቶ “መጋዘናችሁ ምን ደረጃ ደርሷል?” ሲለኝ፣ በየትኛው ጉዳይ ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ።

ሌላም አለ። ዕድገት ሁልጊዜ መጨመር አይደለም። በ2015 ሪፖርቶቻችንን ቆጠርን፤ ከ60 በላይ ነበሩ። ማን ምን እንደሚከፍት ሲስተሙ ይመዘግባል። ለሦስት ወር አየን። የሚከፈቱት 11 ነበሩ። ሌሎቹን አንድ በአንድ ባለቤቱን እየጠየቅን ዘጋን። አንዳንዱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስንት ሌሊት አምሽቼ። ስዘጋው ከፍቶኛል። ከዚያ በኋላ ግን ጭነቱ ቀለለ፣ ሰውም የሚፈልገውን ቶሎ ማግኘት ጀመረ።

በዚያው ዓመት ሁለተኛ ልጄን ወለድኩ። በመጀመሪያው የወሊድ ፈቃድ ጊዜ በየቀኑ ይደወልልኝ ነበር። ልጁን እያጠባሁ “የሐረሩ ፋይል የት አለ?” ለሚል ሰው እመልሳለሁ። በሁለተኛው ጊዜ፣ በአራት ወር ውስጥ፣ ለሥራ የተደወለልኝ ሁለቴ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ማሽን አይደለም። አንዲት ልጅ ቀጥረን ነበር፤ ጎበዝ ናት፤ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ደግሞ የቃላት መዝገብ ጽፈናል። “ደንበኛ” ማለት ምንድን ነው፣ “የወጣ ዕቃ” ከየት ይቆጠራል፣ ትርጉሙን ማን ወሰነ፣ መቼ። ሁሉም ሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በአማርኛ ነው። የጅግጅጋው ቅርንጫፍ ወደ ሶማሊኛ አስተረጎመው፣ የድሬዳዋ ዕቃ ቤት ልጆች በኦሮምኛ እየተነጋገሩበት አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ የምጽፈው አነሰ። ስንት የሚል የለም፤ ሰው ራሱ ያያል። አሁን የሚመጡት ለምን የሚሉ ናቸው። “ሳሙና ሐረር ላይ ለምን በየሁለት ሳምንቱ ይጨመራል?” “ዱቤ የሚዘገዩት ለምን አንድ ሰፈር ላይ በዙ?” አንዳንዱን መመለስ እችላለሁ። አንዳንዱን እግሬን ይዤ ገበያ ወጥቼ ነው የማገኘው፤ ከፊራ ሄጄ፣ አሸዋ ሄጄ፣ ሰው ጠይቄ።

የመጨረሻውን ጥያቄ የጻፍኩት ባለፈው ሐሙስ ነው። የደወሉት የሐረሩ ጋሼ ናቸው። እኚያ ዱቤ ተስፋ ነው ያሉኝ። ለዓመታት ሪፖርቱን አልከፍትም ብለው ነበር።

“ልጄ” አሉኝ፣ “በ2012 የካቲት የወጣው ዘይት ዛሬ ሳየው ሌላ ቁጥር ሆኗል። ያኔ ያያችሁትን በደብተሬ ጽፌዋለሁ።”

“በስንት ይለያያል ጋሼ?”

“በሦስት ጀሪካን።”

ሦስት ጀሪካን። ሌላ ሰው ቢሆን አይደውልም። ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሬን ከማውጣቴ በፊት እሱን ነበር የማየው። እውነታቸውን ነው። ቁጥሩ ተለውጧል። የጭነት መዝገቡን ስመለከት፣ ባለፈው ወር የዘይት መያዣዎችን መጠን ስናስተካክል አንድ አሮጌ ረድፍ አብሮ ሳይነካ አልቀረም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የእሳቸውን ደብተርና የዚያን ወር የደረሰኝ ጥራዝ ጎን ለጎን ማየት አለብኝ።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ሐረር በሚኒባስ እወጣለሁ። ደንገጎ ላይ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሹራብ ይዣለሁ። አባቴም አብሬሽ ልሂድ ብሏል። ደብተራቸውን ማየት ይፈልጋል።